መጫኛው ከማጥፋቱ በፊት ምን እንደሚያጠፋ ይንገረን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት መምህርት ጎረቤት አለችኝ። ላፕቶፗ አርጅቷል። ባትሪው ከሞተ ቆየ፤ ቻርጀር ካልተሰካ አይነሳም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን ስትሰማ ይዛው መጣች። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ የእሷ ማሽን ደግሞ የለውም።

«ሊኑክስ እንጫንበት» አልኳት። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሲስተም ነው። ነፃ ነው፤ ለአሮጌ ማሽንም የሚሆን ዓይነት አለው። እሷ ግን ስለ ዋጋም ስለ ፍጥነትም አልጠየቀችኝም። «ፎርማት ይደረጋል እንዴ?» ነበር ያለችኝ።

ፍርሃቷ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጥገና ቤት ወስዳ ሲስተሙን አስቀይራ ነበር። ላፕቶፑ ሲመለስላት ዲ ድራይቭ ላይ የነበሩት የልጇ የክርስትና ፎቶዎችና ለዓመታት ያጠራቀመቻቸው የፈተና ጥያቄዎች የሉም። የጫነላት ልጅ ክፉ አልነበረም። ስክሪኑ ላይ የዲስክ ክፍሎች በቁጥር ተደርድረው ይታያሉ፤ የቱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚናገር ግን የለም። ልጁ ገመተ። ግምቱ ሳተ።

ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫኛ፣ ማለትም ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን ማሽኑ ላይ ስለሚያስገባው ፕሮግራም፣ ሲነሳ ብዙዎች የሚያወሩት ስለ መልኩ ነው። ለእኔ ጉዳዩ ያለው የዲስክ ክፍሎቹን በምታሳየው በዚያች አንዲት ገጽ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ በኋላ ይስተካከላል። ሰዓቱን ብትሳሳት ትቀይረዋለህ፤ ቋንቋውንም እንዲሁ። የጠፋ ፎቶ ግን አይመለስም።

መጫኛው እኮ ዲስኩን ማንበብ ይችላል። ካልተቆለፈ በቀር ፎልደሮቹን ያያል። ታዲያ ለምን «ኤስዲኤ 3» የሚል ስም ብቻ ያሳየናል? «እዚህ ክፍል ላይ ይህን ያህል ፎቶና ‹የ8ኛ ክፍል ፈተና› የሚል ፎልደር አለ፤ ከቀጠሉ ይጠፋል» ይበለን። ይህን ያነበበ ሰው ኮምፒውተር ባያውቅም ፎልደሩን ያውቀዋል። እጁ ይቆማል።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ የተባለውን ረጅም ቅኔ ዝረፍ አይባልም። በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። መወድሱ የትም አይሄድም፤ ጊዜው ሲደርስ ይደርሳል። መጫኛም እንዲህ ቢሆን እወዳለሁ። የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍሎች) ሰንጠረዡ ለሚፈልገው ሰው ይኑር፣ ግን ከኋላ ይቀመጥ። ለጀማሪው አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ ያለው ነገር ይቆይ ወይስ ይጥፋ?

ጥያቄዎቹ ሁሉ ተጠይቀው ሳያልቁም ዲስኩ መነካት የለበትም። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የቀድሞ መጫኛው ስምህን እየጠየቀ ከበስተጀርባ ሥራውን ይጀምር ነበር። ጊዜ ይቆጥባል። ግን ሐሳቡን ለቀየረ ሰው መመለሻ የለውም። መብራት ድንገት በሚሄድበት ከተማ ደግሞ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መሃል ላይ ቢጠፋ ምን እንደሚተርፍ አስቡት። ቢያንስ ባትሪውን አይቶ «መብራት ቢሄድ ይህ ማሽን ወዲያው ይጠፋል» ብሎ ያስጠንቅቅ።

ኢንተርኔቱም አለ። የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ ፋይል ብቻውን ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። እኛ ጋ እንዲህ ያለው ነገር ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ነው የሚዞረው። ፍላሹን ተውሶ የመጣን ሰው መጫኛው ሳያስፈቅድ ከኢንተርኔት እያወረደ የስልኩን ፓኬጅ ሊጨርስበት አይገባም።

ደግ ነገር ሲሠራም መናገር ያስፈልጋል። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ቋንቋ ከመረጥክ በኋላ ወዲያው የሚመጣው የተደራሽነት ገጽ ነው። ፊደል ማጉላት፣ ስክሪን የሚያነብ ድምፅ፣ ሁሉም ከመነሻው አለ። ደቢያን የተባለው ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ደግሞ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድምፅ እየተመራህ እንድትጭነው ያደርጋል። የማስነሻው ገጽ ሲመጣ ጢጥ ይላል፤ የኤስን ቁልፍ ነክተህ ኢንተር ስትለው መናገር ይጀምራል።

ይህን ለአንድ ዓይነ ስውር ወዳጄ ሳሳየው ዝም ብሎ አዳመጠ። ኮምፒውተር ከእኔ በላይ ይጠቀማል። ሲስተም መጫን ሲሆን ግን ሁልጊዜ የሚያይ ሰው መለመን ነበረበት። «አንዴ ድገምልኝ» አለኝ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበና ቁልፉን በጣቱ ፈልጎ አገኘው። ድምፁ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነበር። እሱ እንግሊዝኛ ስለሚችል ተሻገረው፤ የማይችለው ግን እዚያው ይቀራል።

ደቢያን መጫኛው ላይ ካሉት ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛም አለ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው የተረጎሙት፤ እግዜር ይስጣቸው። ቀሪው ሥራ የእኛ ነው። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ሲያጡ አያለሁ። አንድ መጫኛ ወስደው አምስት ኮምፒውተር የማያውቁ ሰዎችን ፊቱ ያስቀምጡ። ምንም ሳይረዷቸው የት ቦታ ላይ እንደሚቆሙ ይመዝግቡ። ከዚያ ያንን ገጽ ያስተካክሉ።

ትርጉሙ ላይ አንድ ነገር አደራ። «ጫን» ብሎ መምህርትን እንደ ወንድ ልጅ ማዘዝ አያስፈልግም፤ «ይጫኑ» በቂ ነው። ሰው የለመደውን ቃልም አትንጠቁት። ፍላሽ ፍላሽ ይባል፤ ፎርማትም ፎርማት። የመግቢያ ስም በላቲን ፊደል መጻፍ እንዳለበትም ከሳጥኑ በላይ ይጻፍ። የአማርኛ ኪቦርድ መርጦ ስሙን በግዕዝ ፊደል የጻፈ ሰው ለምን እንዳልተቀበለው ሳይገባው ይቀራል።

እኔ የማጥፊያውን ገጽ ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ጽፌ ለጎረቤቴ አነበብኩላት። «በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ውሂብ ይሰረዛል» ነበር ያልኩት። «ውሂብ ምንድን ነው?» አለችኝ። ውሂብን አውጥቼ «ፎቶዎችዎና ጽሑፎችዎ» አልኩ። ትንሽ አሰበችና «‹ይሰረዛል› የሚለውም ይቅር» አለች። «‹ተመልሰው አይገኙም› በል።»

እንዳለችው ጻፍኩት።