የመርከበኞች ዘፈን ለምን አላረጀም? ክርክር ከጣና ዳር

በ2013 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ዓለም በኮሮና ምክንያት ቤቱን ዘግቶ ሳለ፣ አንድ የስኮትላንድ ፖስተኛ ብቻውን የዘፈነው የድሮ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ዘፈን በቲክቶክ ዓለምን አዳረሰ። የሸራ መርከብ አይተው የማያውቁ ወጣቶች ይህን ለምን ወደዱት? ሁለት የባሕር ዳር ሰዎች፣ አንድ የሙዚቃ መምህርና አንዲት የመርከብ መሐንዲስ፣ በጽሑፍ ተከራክረውበታል።

መምህሩ፦ ምስጢሩ አሠራሩ ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የንግድ መርከብ ላይ ከባድ ሸራ ለመስቀል ብዙ ክንድ እኩል መሳብ ነበረበት። ሁሉም በየፊናው ቢስብ ገመዱ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ተቀባዮቹ ድምፃቸውን በሚያጠብቁበት ቃል ላይ ክንዳቸውም ይስባል። ሥራው ካላለቀ አውራጁ ሌላ ስንኝ ይጨምራል።

ጎጃም ውስጥ ውቂያ ላይ የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቡሄ ላይ ሆያ ሆዬ ያለ ልጅም ያውቀዋል። ክፍል ውስጥ አንዱን ዘፈን ስከፍት፣ እንግሊዝኛው ያልገባቸው ተማሪዎች ሳይቀሩ ትንሽ ቆይተው ይቀበላሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ጎርናና ድምፅም ቦታ አለው፣ ዓይን አፋርም ይገባበታል። የፖስተኛው ዘፈን የገመድ መሳቢያ ባይሆንም የተስፋፋው በዚሁ መንገድ ነው። ሰዎች አዳምጠው አላለፉም። አንዱ ወፍራም ድምፅ፣ ሌላው ቫዮሊን ጨመረበት።

ደግሞ የእንግሊዞች ብቻ ሲባል ይከነክነኛል። በአሜሪካ ደቡባዊ ወደቦች ጥጥ ይጭኑ የነበሩ ጥቁር ሠራተኞችና የካሪቢያን መርከበኞች ለእነዚህ ዘፈኖች ብዙ ዜማ ሰጥተዋል።

መሐንዲሷ፦ መምህር፣ ስለ አሠራሩ ያሉት እውነት ነው። ግን ያ ዘፈኑ ለምን እንደተሠራ እንጂ ዛሬ ለምን እንደተወደደ አይነግረንም። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ተምሬ በጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ሠርቻለሁ። እዚያ ጆሮ ሳይሸፈን አይሠራም። መልሕቁን የሚያነሣው ማሽን ነው። ከሥራ በኋላ ሁሉም ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል፣ ቤተሰቡን ለማግኘት ኔትወርክ ይጠብቃል። የሚዘፍን ሰው አላየሁም። እነዚህን ዘፈኖች የሰማሁት ከመርከብ ከወረድኩ በኋላ፣ በየብስ ሰዎች ስልክ ላይ ነው።

የየብስ ሰው የሚወዳቸው ሥራው ስለማይነካው ይመስለኛል። ብዙዎቹ ግጥሞች እኮ ምሬት ናቸው። የማይበላ ምግብ፣ ጨካኝ ካፒቴን፣ ወደብ ላይ ተበልቶ ያለቀ ደመወዝ። ዜማው ሲያምር ይሄ ሁሉ ጌጥ ይሆናል። ጣናንም ይመልከቱ። የደንገል ታንኳ ሥዕል በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ታንኳውን ሲሠሩ የኖሩትን የነገደ ወይጦ ሰዎች ግን ጎረቤቶቻቸው ለብዙ ዘመን ከማዕድ አግልለዋቸዋል። ታንኳውን ወደድን፣ ሰውን አራቅን። ዘፈኑ ላይም ያንኑ እንዳናደርግ እፈራለሁ።

መምህሩ፦ እህቴ፣ የነገደ ወይጦን ጉዳይ ማንሳትሽ ልክ ነው። ሁላችንንም ያሳፍረናል። ምሬቱ ጌጥ ሆነ ያልሽውን ግን አልቀበልም። መርከበኛው ካፒቴኑን ፊት ለፊት ቢናገር ይቀጣ ነበር። ገመድ እየሳበ ሲዘፍን ግን አለቃው ሥራው እንዳይቆም ብሎ ያልፈዋል። እኛም አገር ጭሰኛው ብሶቱን ያሰማው በእንጉርጉሮ ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚጽፍለት አልነበረም። ዜማው ባያምር ኖሮ ያ ምሬት እኔና አንቺ ጋ ይደርስ ነበር?

የእንፋሎት ሞተር ሲመጣ ዘፈኑ ሥራውን አጣ። ሥራ የሌለው ነገር ይረሳል፤ እሱ ግን አልተረሳም። መርከብሽ ላይ የሚዘፍን መጥፋቱ የሚነግረኝ ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ ዛሬው መርከበኛ ብቸኝነት ነው።

መሐንዲሷ፦ ብቸኝነቱ እውነት ነው። ከባድም ነው። የሚያስቆጣኝም ለዚህ ነው። መርከበኛ ዛሬ የሚፈልገው በቂ ዕረፍት፣ በሰዓቱ የሚከፈል ደመወዝና ቤቱ የሚደውልበት ኢንተርኔት ነው። ሰው ስለ ባሕር ሕይወት የሚያውቀው ከዘፈን ብቻ ከሆነ ይህን ጥያቄ ማን ይሰማዋል? ዘፈኑ ይቅር አልልም። ተማሪዎችዎ ከመቀበላቸው በፊት ስንኙ ምን እንደሚል በአማርኛ ይንገሯቸው። የራበውና የተገረፈው ማን እንደሆነ ይወቁ። ያን አውቀውም በዚያው ጉልበት ከተቀበሉ፣ ያኔ ረቱኝ።

መምህሩ፦ ተስማምቻለሁ። ሐሙስ ክፍል አለኝ፤ ነይና አንቺው ንገሪያቸው። ማውረዱን ለእኔ ተዪልኝ።