ጧሪ አያሳጣን፣ ጧሪ አያድርገን

ባሕር ዳር ስለ ዘንባባዋ፣ ስለ ጣናና ስለ ዓሣዋ ብዙ ተመስግናለች። ይህ ጽሑፍ እስካሁን ምስጋና የተነፈገውን አንድ ሀብቷን ለማመስገን የተዘጋጀ ነው፤ እርሱም አዲስ የተመረቀ ነርስ የመጀመሪያ ሥራውን ሊመርጥ ሲል፣ ከራሱ ከተመራቂው በስተቀር ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ የሚመርጥለት ደግነት ነው።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽምብጥ ውስጥ በአንዲት ጎረቤቴ ቤት በተፈላ ቡና ላይ ይህን ደግነት በዓይኔ አይቻለሁ። የጎረቤቴ ልጅ አራት ዓመት ተምራ፣ የመውጫ ፈተናውንና የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አልፋ፣ ለወራት ደጅ ስትጠና ከቆየች በኋላ በአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ ተጠራች፤ አንደኛው የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ክፍል፣ ሌላው ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ የሚንከባከብ ማዕከል ነው። ልጅቷ አቦሉን እየቀዳች ነገሩን ለእናቷ ጠቀሰችላት። ከዚያ በኋላ እስከ በረካው ድረስ የመናገር ተራ አልደረሳትም።

ጉባኤው ያለ አንዳች የድምፅ ልዩነት ዲያሊሲስን መረጠ። ቃሉ ራሱ ግርማ ሞገስ አለው። «ልጄ ዲያሊሲስ ላይ ናት» የምትል እናት ለቅሶ ቤትም ሆነ ጽዋ ማኅበር ላይ ተጨማሪ ማብራሪያ አትጠየቅም፤ ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አላዋቂነቱን አስቀድሞ ማመን ይኖርበታልና። «ልጄ አረጋውያን ትንከባከባለች» የምትል እናት ግን «ለጊዜው ነው፣ ሌላ እስኪገኝ» የሚል ማስተባበያ ካላስከተለች በአዘኔታ ትታያለች። አክስቷ ጉዳዩን በአንድ ጥያቄ ቋጩት፦ «አራት ዓመት የተማርሽው ሽማግሌ ለማጠብ ነው እንዴ?»

እዚህ ላይ ለእጥበት ያወጣነው የማዕረግ ድልድል ሊደነቅ ይገባዋል። ሁለቱም ሥራዎች እጥበት ናቸው፤ የኩላሊቱማ ከነስሙ ነው። ይሁን እንጂ ደም ማጠብ ሹመት፣ ገላ ማጠብ ሽረት ሆኖ ተመድቧል። በጸሎተ ሐሙስ ጳጳሱ ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ዓይናችን እንባ ያቀርራል፤ የእንግዳን እግር ማጠብ ከአባቶቻችን የወረስነው ጨዋነት መሆኑንም ለልጆቻችን እንተርካለን። ነርስ ደመወዝ ተቀብላ ካጠበች ግን ትምህርቷ ባከነ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ማዕረጉ እንደ አገሩ የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። እዚያው ቡና ላይ የነበሩ አንዲት እናት ሚኒሶታ ያለች ልጃቸው በአረጋውያን ቤት የሌሊት ተረኛ ናት፤ የፈረንጅ አዛውንት ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ዳይፐር ትቀይራለች። ሰፈሩ ይህንን «አሜሪካ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ናት» ብሎ ተርጉሞታል፤ የግቢያቸው አዲሱ የብረት በርም ትርጉሙን ያጸናዋል። የአረጋዊ ገላ ውቅያኖስ ማዶ ሲሆን ይቀልላል ማለት ነው፤ የሚከብደው ጣና ዳር ብቻ ነው።

ምርቃታችንም ከዚህ ጋር የተስማማ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ሳይባል የሚበተን ሠርግ የለም፤ ሁላችንም «አሜን» እንላለን። ፈጣሪ ምርቃቱን ሊፈጽም ቢነሣ ግን ጧሪውን ከማን ቤት እንደሚያወጣው እንጃ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ልጅ ለማሽን አጭቶ፣ ጧሪ የሚጠብቀው ከጎረቤት ነውና።

አጎቷ የማሽኑን ሥራ በዕውቀት አብራሩት፦ «ማሽኑ ይሠራል፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ።» እውነታቸውን ነው። ነርሷ አስቀድማ ታካሚውን ትመዝናለች፤ ካለፈው እጥበት ወዲህ በገላው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ከኪሎው ታሰላለች፤ ክንዱ ላይ ደም ቅዳውና ደም መልሱ በቀዶ ጥገና የተገናኙበትን ቦታ በጣቶቿ ዳስሳ ንዝረቱ መኖሩን ታረጋግጣለች፤ ሁለት ወፋፍራም መርፌዎች ትሰካለች፤ ከዚያም ለ4 ሰዓት ያህል በየግማሽ ሰዓቱ የደም ግፊት ትለካለች። ግፊቱ በድንገት ከወረደ ወይም ባቱን ቁርጥማት ከያዘው የምትደርስለት እርሷ ናት። መብራት ጠፍቶ ማሽኑም ከቆመ (ስለ መብራት መጥፋት ለባሕር ዳር አንባቢ ማብራሪያ አያሻም) በቱቦው ውስጥ የቀረውን ደም በእጇ እያሽከረከረች ለባለቤቱ ትመልሳለች። ይህ ሁሉ ካለቀና ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ከሌለ፣ አጎቷ እንዳሉት፣ ቁጭ ማለት ይቻላል።

ለአንድ ጊዜ እጥበት 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ እንደሚያስፈልግ ለጉባኤው የነገረው አልነበረም። ለመጠጥ ሲሆን የሚያድነን ክሎሪን እንኳ ተጣርቶ ካልወጣ በእጥበቱ ጊዜ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ከተንጣለለ ሐይቅ አጠገብ ተቀምጠን ቢጫ ጀሪካን ለምንደረድር ሰዎች፣ ይህ «ቁጭ ብሎ ማየት» የሚባለው ሥራ ምን ያህል ልብ እንደሚያወልቅ መገመት ባላቃተን ነበር።

በዚያ ላይ ታካሚው እንደ ሆቴል እንግዳ አድሮ የሚሄድ አይደለም፤ በሳምንት 3 ቀን፣ ለዓመታት ይመላለሳል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ያንን ዕድል ላላገኘ ሰው ማሽኑ የዕድሜ ልክ ጎረቤቱ ነው። ነርሷ የልጆቹን ስም ታውቃለች። በጥምቀት ማግሥት 4 ኪሎ ጨምሮ ሲመጣ ስንት ጣሳ ጠላ እንደጠጣ ሳይናገር ታውቅበታለች። ሙዝና ድንች ውስጥ ያለው ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ሲበዛ ልቡን ሊያቆመው እንደሚችል ለመቶኛ ጊዜ ታስረዳዋለች። ሽማግሌ መጦርን ሸሽታ ማሽን የያዘችው ልጅ፣ ታካሚዎቿ በእጇ ላይ ሲሸብቱ ታያለች።

የአረጋውያኑን ሥራ ጉባኤው «ማጠብና ማብላት» ብሎ በሁለት ቃላት ስላጠናቀቀው፣ እኔም ላለመዳፈር ጥቂት ብቻ እጨምራለሁ። ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉትን አዛውንት በየ2 ሰዓቱ ካላገላበጧቸው ወገባቸው ሥርና ተረከዛቸው ላይ በጣት ሲጫኑት የማይደበዝዝ መቅላት ይጀምራል፤ ችላ ከተባለ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የሳንባ ምች ሲይዛቸው ትኩሳት ላይኖራቸው፣ ሳልም ላይሰማ ይችላል። ትናንት ነርሷን በስሟ የጠሯት እናት ዛሬ በሟች እህታቸው ስም ከጠሯት ወይም ቁርሳቸውን ከመለሱ፣ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍም፣ ኢንፌክሽን ጠርጥሮ ሐኪም መጥራትም በእርሷ እጅ ነው፤ ሐኪሙ እዚያ አይውልምና። ይህ ሁሉ ግን ስክሪን የለውም፤ ስክሪን የሌለው ነገር ሙያ እንዴት ሊባል ይችላል?

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 እንደተመረቀች ይታወቃል። በዚያ ዘመን የሽምብጥ ጉባኤ አጠገቧ ስላልነበረ «የንጉሥ ልጅ ሆነሽ የፈረንጅ ሕፃን ልታጥቢ ነው?» ብሎ የሚያድናት አልተገኘም።

ወደ ቡናው ልመለስ። ቶናው ላይ ባጃጅ የሚነዳው ወንድሟ መግቢያው በር ላይ ቆሞ ትልቁን ጥያቄ ጠየቀ፦ «የትኛው ነው ለውጭ የሚሆነው?» የሚኒሶታዋ እናት ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ እዚያ የሚፈለገው ሽማግሌ የያዘ ሰው መሆኑን፣ ልጃቸውም በዚያው እንደገባች ተናገሩ። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ አክስቷ፣ በሕይወቴ ካየኋቸው የሐሳብ ለውጦች ሁሉ ፈጣኑን አደረጉ፦ «እንግዲያውስ ሁለት ዓመት ብቻ ትጠብ።» ክርክሩ በአዲስ ጉልበት ተቀጣጠለ፤ እኩሌታው ማሽን፣ እኩሌታው ሚኒሶታ አለ።

በረካው ካለቀ በኋላ አጎቷ ሊሄዱ ፈልገው ከዱካው ላይ መነሣት አቃታቸው፤ ጉልበታቸው ካመማቸው ሰንብቷል። ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን ይዘው ሊጎትቱ ሲሉ ልጅቷ ጀበናዋን አስቀምጣ ከፊታቸው በርከክ አለች። «ጋሼ፣ ወደ ዱካው ጫፍ ይምጡ፤ እግርዎን ወደ ኋላ ይሰብስቡ፤ አሁን ወደ እኔ ያዘንብሉ» አለችና ጉልበታቸውን በጉልበቷ ደግፋ፣ ወገባቸውን ይዛ፣ አንዴም ሳያቃስቱ አቆመቻቸው። ጋቢያቸውን አስተካከለችላቸው፤ ከዘራቸውንም አቀበለቻቸው።

«ጧሪ አያሳጣሽ፣ ልጄ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። ሁላችንም «አሜን» አልን። ከበሩ ሲደርሱ ዞር ብለው አከሉ፦ «ደግሞ ማሽኑን ያዢ፤ ሽማግሌ ስታነሺ ወገብሽ እንዳይቆረጥ።»