«አልሰሙም እንዴ ማዘር?»

ሞተረኞች፣ ዛሬ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። ከሁላችሁም ጋር አይደለም። የሞተሩን ማርሚታ፣ ማለትም ድምፁን የሚያፍነውን የጭስ መውጫ፣ አውልቆ ወይም ውስጡን አስፈልፍሎ ወይም በሚጮህ ቀይሮ፣ መንደር እያናወጠ ከሚያልፈው ጋር ነው። ሲጠየቅ ደግሞ «ለደህንነቴ ነው፤ ሹፌሮች እንዲሰሙኝ ነው» ከሚለው ጋር። ይህን ሰምተን «እሱስ እውነቱን ነው» ብለን ከምናልፈው ከእኛም ጋር ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁና ፍረዱ።

አመሻሽ ላይ ነው። ቀኑ ደንገዝገዝ ብሏል፤ የመንገድ መብራት ገና አልበራም። መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ፎቅ። አንዲት እናት ዜብራው ላይ ገብተዋል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ይመስላሉ። በአንድ እጃቸው የመድኃኒት ፌስታል ይዘዋል። ግራ ቀኝ አይተው ነው የገቡት፤ አይቻቸዋለሁ። መሀል ሲደርሱ ያ ድምፅ መጣ። ደረት ውስጥ ገብቶ የሚንጥ ድምፅ። ልጁ ጋዙን ለቀቅ ባደረገ ቁጥር እንደ ተኩስ ይጮሃል።

እናትየው ክው አሉ። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አላወቁም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላወቅኩም። ፎቆቹ እየተቀባበሉ ሲመልሱት ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣ ይመስላል። ወደ ግራ ዞሩ። ሞተሩ የመጣው ከቀኝ ነበር። ዝም ብለው ቢራመዱ ኖሮ ያልፉት ነበር። እሳቸው ግን ደንግጠው ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ቀጥታ እሱ በኋላቸው ሊሾልክበት ወዳሰበው ቦታ። ፍሬን ያዘ። ጎማው ተንሸራተተ። የመሪው ጫፍ ክንዳቸውን መታቸውና በጎን ወደቁ። ፌስታሉ ተቀደደ፤ የክኒን እሽጎች አስፋልቱ ላይ ተበተኑ።

እስከዚህ ያለው አደጋ ነው። አደጋ ማንንም ያገኛል። ይቅር ማለት ያቃተኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ልጁ ወረደ። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ያየው ማርሚታውን ነው። ተጭሮ እንደሆነ ሊዳስሰው ሲል ግለቱ ጣቱን ለበለበውና ተሳደበ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «አልሰሙም እንዴ ማዘር?» አላቸው። አንቱታው እንኳ አልቀረበትም።

እሳቸው እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩት። «ሰማሁ ልጄ» አሉት። «ሰምቼ እኮ ነው።»

አጠገቤ የቆመ ሰውዬ «ይኼን ያልሰማ ደግሞ ምን ይሰማል!» አለ። ሌላውም ሳቅ ብሎ ተስማማ። ጥፋቱ በአንድ አፍታ ከሞተሩ ላይ ወርዶ መሬት ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ላይ ተጫነ። የሞተሩን የፊት መብራት ማንም ልብ አላለም። አይሠራም ነበር። እየመሸ፣ ጃኬቱ ጥቁር፣ ሄልሜቱ ጥቁር፣ መብራቱ የጠፋ። ማርሚታው ግን አዲስ ነው፤ ያብለጨልጫል። አምፖል ለመቀየር ያልዘረጋውን እጅ ለጩኸት ዘርግቷል። ይኼ ሰው ነው እንግዲህ ስለ ደህንነት የሚያስተምረን።

ዳሌያቸው ተሰብሮ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። በዚያ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ምን ማለት እንደሆነ አዛውንት ያስታመመ ያውቀዋል።

አሁን ክርክራችሁን እንየው። ፍርሃታችሁን አልክድም። ሞተር ላይ ያለ ሰው ከመኪናው ብረት ጋር የሚጋጨው በአጥንቱ ነው። «አላየሁትም» የሚል ሹፌር ስንቱን ቀብሯል። ወንድሙን እንዲህ ያጣ ሰው «ቢሰሙኝ ይሻላል» ቢል አይፈረድበትም። ግን ይሰሟችኋል ወይ?

የማርሚታው አፍ የሚያየው ወደ ኋላ ነው። ከድምፁ ብዙውን የሚቀበለው ከኋላችሁ ያለው ነው፤ እሱን ደግሞ አልፋችሁታል። አደጋው ያለው ከፊት ነው። ሃሪ ኸርት የሚባል ተመራማሪ ከቡድኑ ጋር ሎስ አንጀለስ አካባቢ ከ900 በላይ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ መርምሮ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱን አውጥቷል። ከአደጋዎቹ ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ሞተረኛውን ያሰጋው ነገር የነበረው ከፊቱ፣ ግራና ቀኝ ከ45 ዲግሪ ባልዘለለ ስፋት ውስጥ ነው። ከመኪና ጋር የሚደርሰው ግጭት በብዛት እናንተም የምታውቁት ዓይነት ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪናው ፊታችሁ ይታጠፋል። በዚያች ቅጽበት ሞተረኛው አደጋውን ለማምለጥ የሚኖረው ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ሹፌሩ መስኮቱን ዘግቷል፤ ሙዚቃ ከፍቷል። ድምፃችሁ ጆሮው ቢደርስ እንኳ ከየት እንደሆነ እስኪለይ ሁለቱ ሰከንድ አልቋል። እናትየው መስኮትም ሙዚቃም አልነበራቸውም፤ እሳቸውም አልለዩትም።

ያው ሪፖርት ምን ይጠቅማል እንዳለ ታውቃላችሁ? ቀንም ቢሆን የፊት መብራት ማብራት። ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቀይ ጃኬት መልበስ። በቃ፣ መታየት። ይኼን ያህል ቀላል ነገር ነው። ግን ቢጫ ጃኬት «አያምርም»፤ የበራ መብራትም ማንንም ዞሮ እንዲያይ አያደርግም። እዚህ ላይ ንዴቴ ይመለሳል። ለደህንነት ቢሆን ኖሮ በመብራቱ ትጀምሩ ነበር። ከልብ ፈርቶ ድምፅ የጨመረ ሰው እንዳለ አምናለሁ፤ ግን እሱ ሌሊት ባዶ መንገድ ላይ ለማን ነው የሚጮኸው?

ጩኸቱ ደግሞ ከማንም በፊት የሚበላው እናንተን ነው። ይኼ ያሳዝነኛል። የድምፅ መለኪያው ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይቆጠርም፤ በ10 ሲጨምር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ ሕግ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚመረቱ ትልልቅ የመንገድ ሞተሮች 80 ዴሲቤል ላይ ወሰን አበጅቷል። ማርሚታው የወለቀ ሞተር ግን 100ን ሊያልፍ ይችላል። በሥራ ቦታ ጤና ላይ የሚሠራው የአሜሪካ ተቋም 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ይቻላል ይላል፤ 100 ሲሆን የሚፈቅደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ጆሮ ውስጥ የሚሞቱት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሴሎች ተመልሰው አይበቅሉም። በአርባ ዓመቱ የልጁን ድምፅ «ምን አልክ?» እያለ የሚሰማ አባት መሆን ትፈልጋላችሁ?

ለእኛ ለቀረነውም አንድ ቃል አለኝ። ያን ቀን ማናችንም «መብራትህስ?» አላልነውም። እናትየውን አነሳን፣ መኪና አስቆምን፣ ክኒናቸውን ለቃቀምን፤ ደግ ሰዎች ነን። ግን ልጁ ትክክል እንደሆነ አምኖ ነው የሄደው፤ ያሳመነውም የእኛ ዝምታ ነው። መካኒኮችም አላችሁበት። ውስጡን ፈልፍላችሁ አውጥታችሁ «አሁን ድምፅ አወጣች» ብላችሁ ስታስረክቡ፣ ያ ድምፅ የማን መኝታ ቤት እንደሚገባ ይጠፋችኋል? የታመመ አለ። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን የሚተኛ አለ። ስንት ሰዓት ታግላ ያስተኛችው ልጅ በአንድ ጋዝ የሚነሳባት እናት አለች። ይህን ዘርዝሬ አልጨርሰውም፤ ሁላችሁም ቤት አላችሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደክሞኛል። ይኼን አንብባችሁ ነገ መንገዱ ጸጥ ይላል ብዬ አልጠብቅም። አንድ ነገር ግን ተስፋ ይሰጠኛል። ብዙዎቻችሁ ዋናውን ማርሚታ አልጣላችሁትም። ቤት ውስጥ አንድ ጥግ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለዓመታዊ ምርመራ ቀን ትገጥሙታላችሁ። ሞተሩን ለመሸጥም ስታስቡ ትገጥሙታላችሁ። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ አልጠፋችሁም ማለት ነው፤ ለመግጠምም ጥቂት ብሎን ማሰር ነው። ከቻላችሁ በዚህ ሳምንት አድርጉት፤ በዚያው መብራቱንም እዩት። ካልቻላችሁ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ስትገቡ፣ ዜብራ ላይ ሰው ስታዩ፣ ጋዙን ቀነስ አድርጉልን። ለጊዜው በዚህም እስማማለሁ።