ማስተካከያ፦ በዲንግል የአንድ ቀን የመኪና ጉዞ

ስለ ምዕራብ አየርላንዱ ዲንግል ባሕረ ገብ መሬት ቀደም ሲል በወጣው የጉዞ መመሪያ፣ «የስሊ ሄድን ዙር በፈለጉት አቅጣጫ መንዳት ይቻላል፤ ካምፐር ቫን (መኝታ ያለው መኪና) የያዙም በኮነር ፓስ (በተራራ መተላለፊያው) ይመለሱ» የተባለው እንደሚከተለው ይታረም።

47 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ዙር በሰዓት አዟዟር ቢነዳ ይሻላል፤ ከዲንግል ተነስቶ በቬንትሪ፣ በስሊ ሄድ፣ ከዚያም በደንኩዊን። የቱሪስት አውቶብሶች የሚጓዙት በዚሁ አቅጣጫ ነው። ተቃራኒውን የያዘ ሰው በድንጋይ አጥርና በገደል መካከል ይፋጠጣቸዋል፤ ያኔ ያለው ምርጫ የኋላ ማርሽ ብቻ ነው። አየርላንድ ውስጥ በግራ ስለሚነዳ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ ባሕሩ በተሳፋሪው በኩል ይሆናል፤ ለፎቶ ቆም ለማለትም መንገድ መቁረጥ አያስፈልግም።

ስሊ ሄድ አካባቢ ጅረት በአስፋልቱ ላይ ያልፋል። በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መሻገር፣ ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑን ደጋግሞ በስሱ መርገጥ ነው፤ የረጠበ ፍሬን ቶሎ አይዝም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ግን ጥልቀቱን ሳያዩ አይግቡ።

ኮነር ፓስ ከ2 ቶን በላይ ለሆነ ተሽከርካሪ የተከለከለ ነው። አብዛኞቹ ካምፐር ቫኖች ከዚህ ስለሚከብዱ ወደ ትራሊ ከተማ የሚመለሱት በአናስኮል መንደር በሚያልፈው ኤን 86 በተባለው አውራ መንገድ ነው።