የማይሞላ ሽንት ቤት አያኩራችሁ

የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከአለም ከተማ እስከ አንኮበር ቤት የሠራችሁና ጉድጓድ ያስቆፈራችሁ ሁሉ፣ ስሙ። «የእኔ ሽንት ቤት አሥር ዓመት ሙሉ አንዴም አልሞላ» እያላችሁ ትኮራላችሁ። ታዲያ የገባበት ሁሉ የት ሄደ? ደረቅ ጉድጓድ ፈሳሹን ወደ አፈር ማስረጉ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ሃያ እርምጃ ሳትርቁ የውሃ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ያንኑ መልሳችሁ መቅዳታችሁ ነው።

«ውሃችን ኩልል ያለ ነው፣ አያቶቻችንም ጠጥተውታል» ትላላችሁ። በዚህ ነገር ዓይን ምስክር አይሆንም። ምስክሩ ኢ ኮላይ ነው። ይህን ባክቴሪያ ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም በ1885 እ.ኤ.አ. በሕፃናት ዓይነ ምድር ውስጥ አገኘው። መኖሪያው የሰውና የከብት አንጀት ነው፤ በአንድ ግራም ዓይነ ምድር ውስጥ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። አብዛኛው ዝርያ በራሱ አያሳምምም። ውሃ ውስጥ ከተገኘ ግን ዓይነ ምድር ገብቷል ማለት ነው፣ በዚያው መንገድ ታይፎይዱም የደም ተቅማጡም ሊመጣ ይችላል።

ምርመራውን ቀርባችሁ እዩት። ከውሃው 100 ሚሊ ሊትር ቀዳዳው 0.45 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በሆነ ማጣሪያ ያልፋል። ባክቴሪያው በማጣሪያው ላይ ይቀራል፤ ማጣሪያው ባክቴሪያ የሚያሳድግ ቀይ ፈሳሽ ምግብ በጠጣ ንጣፍ ላይ ይቀመጥና በ44 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያድራል። በማግስቱ ክዳኑ ሲከፈት በቀዩ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል፤ ባክቴሪያው በምግቡ ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ የወተት ስኳር ወደ አሲድ ሲለውጠው ቀለሙ ይቀየራልና። ነጠብጣቡ ይቆጠራል፤ ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት የሚቀበለው ቁጥር ዜሮ ነው። ከመቶ ካለፈ ከፍተኛ አደጋ ነው። ናሙናውን ባልተቀቀለ የለስላሳ ጠርሙስ ቀድታችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቆይታችሁ ብትወስዱት ውጤቱ ውሸት ነው። በበረዶ ሣጥን ይያዝ፤ በ6 ሰዓት ውስጥ ቢደርስ ይመረጣል። በጥር «ንጹሕ» የተባለ ምንጭ ደግሞ ለሐምሌ ዋስ አይሆንም።

ሐምሌን ካነሣን አይቀር፣ ከሁሉ የሚያሳዝነው ዝናብ ሲጥል ጠብቃችሁ የሴፕቲክ ታንኩን፣ ማለትም ፍሳሹ ገብቶ ዝቃጩ የሚቀርበትን የተገነባ ጉድጓድ፣ ክዳን ወደ ቦይ የምትከፍቱት ናችሁ። «ጎርፉ ይወስደዋል» ትላላችሁ። የት? የደብረ ብርሃኑ የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል፤ ጀማም ወደ ዓባይ። እናንተ የለቀቃችሁትን ከታች ያለው ወገናችሁ ይቀዳዋል፣ ከብቱን ያጠጣበታል፣ ጎመኑንና ሰላጣውን ያለማበታል። ሰላጣው ደግሞ ሳይበስል ከእናንተው ገበታ ይቀርባል።

ሴፕቲክ ታንክ ያለውም «እኔስ አልበድልም» አይበል። ታንኩ ዝቃጩን ያስቀምጣል እንጂ ባክቴሪያውን አይጨርስም። የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ቢልም ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ መግባት አለበት እንጂ ወደ መንገድ አይደለም። መውጫው ላይ ያለው የ«T» ቅርጽ ያለው ቱቦ ከተሰበረ ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባት አልፎ ማስረጊያውን ይደፍነዋል፤ ብዙዎች «ጉድጓዱ ተበላሸ» የሚሉት ይህን ነው። ዝቃጩ የታንኩን አንድ ሦስተኛ ሲይዝ አስመጥጡ። በረኪና በሊትር አትድፉበት፤ ቆሻሻው ክሎሪኑን በልቶ ይጨርሰዋል፤ የተረፈውም ዝቃጩን የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ይጎዳል። የደጋው ብርድ ሥራቸውን አስቀድሞም አዘግይቶታል። ደግሞም፣ እባካችሁ፣ የቀን ሠራተኛ ቀጥራችሁ በባልዲ አታስወጡ። ውስጡ የሚታመቀው ጋዝ ሰውን በደቂቃ ይገድላል።

ለውሃ የምትቆፍሩ፣ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ፣ ወደ ላይኛው ዳገት። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ መጨረሻ ከከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። በሚያዝያ ለክታችሁ አትደሰቱ፣ በነሐሴ ውሃው ወደ ላይ ይመጣል። ድንጋዩ ስንጥቅ ከሆነ 30 ሜትርም አይበቃም፤ ጥቁር ድንጋያችን ሲሰነጠቅ እንደ አፈር አያጣራም፣ እንደ ቱቦ ያሳልፋል እንጂ። ምንጭም ይታጠር፤ በጉም ላሙም ከምንጩ ዓይን ላይ አይቁም። በጸበል ቦታ ሽንት ቤት ከምንጩ በላይ የምትሠሩ ሰዎች፣ የምታከብሩትን ቦታ በገዛ እጃችሁ እያረከሳችሁት ነው።

ይህ ሁሉ እስኪስተካከል በቤት ውስጥ ያለው ሥራ የእናንተ ነው። ድፍርስ ውሃ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ይጣራ፤ ከዚያ ክሎሪን ያለበት የውሃ ማከሚያ በእሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመርና ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ጃርዲያን የመሰለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ግን ለክሎሪን ብዙም አይበገርም፤ ለእርሱ ማፍላት ይሻላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃው በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይጨመርለት። የፈላውን አፈ ጠባብ ጀሪካን ውስጥ አስቀምጡ፤ እጅ የነካው ጣሳ ከገባበት ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ገንዘብ ከፍላችሁ ያመጣችሁት የፍሳሽ መኪና የመጠጠውን የት እንደሚደፋ ጠይቁ። ሹፌሩ ቦታውን ካልነገራችሁ ክዳኑን አትክፈቱለት።