ደጃፍ ድረስ የሚመጣ መንግሥት

ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ የሜሪላንድ ከተማ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ፤ በአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት የደብዳቤ መለያ ጣቢያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ከሃያ ሦስት ዓመት በላይ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ወረቀት ደረሰው፤ ዕድሜውና የአገልግሎት ዘመኑ የሚፈቅድለት ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ቀደም ብሎ ጡረታ ቢወጣ 15,000 ዶላር በሁለት ጊዜ እንደሚከፈለው የሚገልጽ ነበር። ወረቀቱን ይዞ ቤቴ የመጣው እንድተረጉምለት አልነበረም፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል። «ውጣ ነው የሚሉኝ ወይስ ብትወጣ አንከፋም?» የሚለውን አብሬው እንድመዝንለት ነበር። ቡናው በረካ ደርሶም መልሱን አላገኘነውም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ፖስታ ሳስብ ሐሳቤ ከሜሪላንድ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሳይደርስ አይመለስም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይመስላል። በዚህ አገር አንደኛ ክፍል የሚባለው መልእክት፣ ማለትም ታሽጎና ቴምብር ተለጥፎበት የሚሄደው ደብዳቤና የሒሳብ መጠየቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ከ103 ቢሊዮን በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 44 ቢሊዮን ገደማ ወርዷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ 800,000 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት የነበረው የቋሚ ሠራተኛ ብዛት ዛሬ 530,000 አካባቢ ነው። በመጋቢት 2025 የወቅቱ የፖስታ አገልግሎቱ የበላይ ኃላፊ ሉዊስ ደጆይ ለኮንግረስ በጻፉት ደብዳቤ፣ 10,000 ሠራተኞች በሠላሳ ቀናት ውስጥ በፈቃደኝነት ጡረታ እንዲሰናበቱ መታቀዱን አስታወቁ፤ ወሩ ሳያልቅም እርሳቸው ራሳቸው ቀድመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ2001 34 ሳንቲም የነበረው ቴምብር በሐምሌ 2025 78 ሳንቲም ገብቷል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ከዚህ ሁሉ ጎን የሚሄደውን ሌላ ቁጥር ነው፤ ደብዳቤው በየዓመቱ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ፖስተኛው ሊደርስበት የሚገባው አድራሻ ደግሞ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይጨምራል። አዲስ ሰፈር በተሠራ ቁጥር አዲስ በር ይመጣል፤ በዚያ በር ላይ ስንት ደብዳቤ ይወርዳል ብሎ የሚጠይቅ ሕግ የለም፤ መድረስ ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። የፖስታው ኪሳራ ሲነሣ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው በኢሜይል ላይ ነው፤ ኢሜይል ጥፋተኛ መሆኑ አይካድም፣ ግን ብቻውን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ሕግ፣ አገልግሎቱ ገና ወደፊት ጡረታ ለሚወጡ ሠራተኞቹ የጤና መድን የሚሆን በዓመት 5.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል አስቀድሞ እንዲያስቀምጥ አስገድዶት ነበር፤ አብዛኛው ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሸክም አልነበረበትም። ግዴታው በ2022 ሲሻር፣ «ፖስታ ከሳሪ ነው» የሚለው ስም ግን ሥር ሰድዶ ቆይቷል። በ2024 የበጀት ዓመት 9.5 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩ እውነት ነው፤ ሆኖም አንድን መሥሪያ ቤት አሥራ አምስት ዓመት ያህል ተሸክሞ እንዲሮጥ አድርጎ፣ ኋላ ደግሞ ለምን ዘገየህ ማለት በእኔ ግምት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሥራው ራሱ ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1970 ከ200,000 በላይ የፖስታ ሠራተኞች ደመወዛቸው ቤተሰብ የማያሳድር ሆኖባቸው ሥራ አቁመው ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በኒው ዮርክ ደብዳቤ እንዲለዩ ወታደሮችን እስከ መላክ ደርሰዋል፤ ወታደሩ ግን ከፖስታ ሠራተኛው ጋር የሚወዳደር እጅ አልነበረውም። ከዚያ አድማ በኋላ ሥራው ዲግሪ ላልያዘ ሰው ቤት የሚያስገዛ፣ ልጅ የሚያስተምር፣ ጡረታ ያለው ሥራ ሆነ። ከሠራተኛው ከአራት አንዱ በላይ ጥቁር አሜሪካዊ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሌላው በር ሲዘጋባቸው ፈተና አልፈው የሚገቡበት በር ይህ ነበር። እኛም ተከትለን ገባን። ወዳጄ ከመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይነት ወደ ፖስታ የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ሲሆን፣ ያኔ አንትራክስ የተባለ ገዳይ ባክቴሪያ የያዘ ደብዳቤ በዋሽንግተኑ የብሬንትዉድ መለያ ጣቢያ አልፎ ሁለት ሠራተኞችን ገድሎ ሁሉም በፍርሃት የሚሠራበት ወቅት ነበር። «ሰው ሲሸሽ እኔ ገባሁ» ይላል ሲቀልድ። ዛሬ እንደ እርሱ በሌሊት ፈረቃ ጀምሮ ሦስት ልጅ ኮሌጅ ማስገባት የሚያስችል ሥራ፣ ለአዲስ መጪ ወንድማችን የት ነው ያለው? ምግብ በመኪና ማድረስ አለ፤ ጡረታ ግን የለውም፣ መድንም የለውም።

ለእኛ ለስደተኞች የፖስታ ሳጥን ከደብዳቤ በላይ ነው። አዲስ መጪ ሰው አሜሪካ በደረሰ በመጀመሪያው ወር ከምንም በላይ የሚጠብቀው ሁለት ነገር አለ፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱንና ግሪን ካርዱን። ሁለቱም የሚመጡት በፖስታ ነው፤ ወንድም ቤት በእንግድነት ተቀምጦ በቀን ሦስት ጊዜ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው ያላየ ማን አለ? ከዚያም አስቀድሞ፣ ብዙዎቻችን ወደዚህ የመጣነው ራሱ በፖስታ ነው። የዲቪ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ እንዲሆን እስኪደረግ ድረስ በወረቀት ተሞልቶ፣ ፎቶግራፍ ተለጥፎበት፣ የፖስታው መጠን እንኳ ሳይቀር በተወሰነለት ልክ ታሽጎ የሚላክ ነበር። በቸርችል ጎዳና ላይ ባለው ዋናው ፖስታ ቤት የነበረውን ሰልፍ፣ በደጁ ላይ ተቀምጠው ፎርም የሚሞሉትን ጸሐፊዎችና «ቴምብሩ በቂ ነው?» እያለ የሚጨነቀውን ወጣት አስታውሳለሁ። የዚያ ወጣት ትልቁ ሥጋት ዕጣው አይወጣልኝም ብቻ አልነበረም፤ ቢወጣልኝስ መልሱ በየት በኩል ያገኘኛል የሚል ነበር።

ምክንያቱም እኛ አገር ደብዳቤ ቤት አይመጣም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ሲያውጁ፣ በፓሪስ የታተሙትን፣ ምስላቸውና አንበሳ ያለባቸውን ቴምብሮች ሲያስመጡ፣ ኋላም በ1901 ዓ.ም. አገሪቱ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን፣ ነገሩ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ቀድሞ የተጀመረና የሚያኮራ ነበር። ከዚያ በፊት መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ዘንጉን ያየ ሁሉ የሚሄደው ሰው መልእክተኛ መሆኑን ያውቅለታል። ፖስታው ግን ከተማ ደረሰ እንጂ ደጃፍ አልደረሰም። በመደበኛው ደብዳቤ በኩል እኛ የምናውቀው አድራሻ «ፖ.ሳ.ቁ.» የሚል ነው፤ ሳጥን ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት ነበር። ስለዚህ የአገሩ ሰው ደብዳቤ የሚደርሰው «በእገሌ በኩል» ነበር፤ በመሥሪያ ቤት ሳጥን፣ በትምህርት ቤት ሳጥን፣ በቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ሳጥን። የእኛ ቤት ደብዳቤ የሚመጣው በአባቴ መሥሪያ ቤት ሳጥን ሲሆን፣ ቁልፉን የያዘው ተላላኪው ነበር፤ ጠዋት ሄዶ ያወጣል፣ መዝገብ ቤት ያስመዘግባል፣ አባቴ ማታ በኮቱ ኪስ ይዞ ይመጣል። «ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደኅና ነኝ» ተብሎ የተጻፈውን ከፍ ባለ ድምፅ የማነብበው እኔ ነበርኩ። ያ ደብዳቤ ከካርቱም ወይም ከሮም ተነሥቶ ስንት ባሕር ካቋረጠ በኋላ፣ የመጨረሻዋን አምስት ኪሎ ሜትር ያደረሰው መንግሥት አልነበረም፤ ተላላኪውና የአባቴ ኮት ነበሩ።

ስለዚህም ደብዳቤ በአገራችን ሲሞት ማንም አላለቀሰለትም። ሞባይል ስልክ ሲመጣ፣ ኋላም ቫይበርና ቴሌግራም ሲከተሉ፣ ከሥራ የተቀነሰ ፖስተኛ በየሰፈሩ አልታየም፤ መጀመሪያውኑ በየሰፈሩ ፖስተኛ አልነበረማ። አሜሪካኖቹ የሚያዝኑለት ሰው እኛ ጋ ቦታው ባዶ ነው። የሰፈራችን አድራሻ ራሱ ለፖስተኛ የተሠራ አይደለም። የቤት ቁጥር አለ፣ ወረዳ አለ፣ ግን ማንም በእርሱ አይሄድም፤ «ከመስጊዱ አለፍ ብለህ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ይባላል፤ በሩ ቀለም ሲቀየር ደግሞ አድራሻው ይጠፋል። በቅርቡ አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ በስልክ ያዘዝኩትን ዕቃ ያመጣልኝ የሞተር ሳይክል ልጅ ከመድረሱ በፊት አምስት ጊዜ ደውሎልኛል። በአምስተኛው ላይ ራሴ ወጥቼ አስፋልት ዳር ቆሜ እጄን አውለበለብኩለት። ስልክ አድራሻን ተክቷል ይባላል፤ እኔ እንደማየው ግን ስልክ ያደረገው ተቀባዩን ፖስተኛ ማድረግ ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ የኢትዮጵያ ፖስታ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ቅርንጫፎቹ በየከተማው ስላሉ ለፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ሳይቀር አገልግሏል፤ ዕቃም ያመላልሳል። ደብዳቤ የከዳው ፖስታ ቤት ሌላ ሥራ ማግኘቱ ጥሩ ነው፤ ያም ሆኖ አብዛኛው አገልግሎት ሰውየው ወደ መስኮቱ እንዲመጣ የሚጠብቅ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ልዩነቱን የሚያሳይ አንድ ቦታ አለ። በአሪዞና፣ በግራንድ ካንየን ገደል ሥር፣ ሱፓይ የምትባል የሃቫሱፓይ ሕዝብ መንደር ትገኛለች፤ መኪና አይገባባትም። የፖስታ አገልግሎቱ እስከ ዛሬ ደብዳቤና ምግብ የሚያደርሰው በበቅሎ ነው። የምኒልክ ፖስታ ከሐረር በበቅሎ ይጓዝ እንደነበር ስናነብ እንደ ጥንት ተረት እናየዋለን፤ በዓለም ሀብታሙ አገር ግን በቅሎዋ ዛሬም በሥራ ላይ ናት፤ ለምን ቢሉ የመንደሩ ሰው ዜጋ ስለሆነና ወደ ዜጋ መድረስ ትርፍና ኪሳራ የማይታሰብበት ስለነበረ ነው። «ስለነበረ» የምለው አሁን መታሰብ ስለጀመረ ነው።

ዴንማርክ አስባ ጨርሳለች። ፖስትኖርድ የተባለው የመንግሥት ፖስታ በዚያ አገር የደብዳቤው ብዛት ከ2000 ወዲህ ከዘጠና በመቶ በላይ መውረዱን ጠቅሶ፣ 1,500 ሠራተኞችን ቀንሶ፣ ቀያዮቹን የፖስታ ሳጥኖች ከየመንገዱ ነቅሎ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዎቹን ደብዳቤዎች አደረሰ፤ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቀሪውን ደብዳቤ የግል ድርጅት ያደርሳል። ኮፐንሃገን የምትኖር ዘመዴን ጠይቄያት «እኛ ሁሉንም በስልክ ነው የምንቀበለው፣ ምንም አልጎደለብንም» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ አገሩ ጠፍጣፋና ትንሽ፣ ሕዝቡም በአንድ የመንግሥት የኢንተርኔት ሥርዓት ውስጥ የተመዘገበ ነው። አሜሪካ ግን እንዲህ አይደለችም። የቀድሞ ወታደሮች መድኃኒታቸው በአብዛኛው በፖስታ ነው የሚመጣላቸው፤ ብዙ ሰው ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ነው፤ ኢንተርኔት የሌለው ገጠርም ሰፊ ነው። ወዳጆቼ «ዛሬ ማን ደብዳቤ ይጽፋል?» ብለው ሲከራከሩኝ የምመልስላቸው፣ እኔ የማዝነው ለደብዳቤው እንዳልሆነ ነው። ፖስተኛው በሳምንት ስድስት ቀን፣ ይዞ የሚመጣው የፒዛ ማስታወቂያ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በእያንዳንዱ ደጃፍ ያልፋል፤ ሳጥኑ ሦስት ቀን ሳይከፈት የሞላ አዛውንት ቤት ቆም ብሎ በር የሚያንኳኳው እርሱ ነው። ሠራተኛ ሲቀነስ የሚቀነሰው ይህ ዙር ነው። ደጃፍ ድረስ የሚመጣ መንግሥት በሌለበት አገር ያደግን ሰዎች፣ የዚህን ዋጋ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ እኛ ልናውቀው በተገባን ነበር።

ወዳጄ በመጨረሻ ወረቀቱን ፈረመ። ጉልበቱን ያመዋል፣ ሌሊቱም በዝቶበት ነበር። ጡረታው እንደተጀመረ እናቱን ለማየት አዲስ አበባ ሊሄድ መሆኑ በተሰማ ማግስት፣ ቤቱ በር ላይ ሰው መደርደር ጀመረ፤ አንዷ የደም ግፊት መድኃኒት፣ አንዱ የልጅ ጫማ፣ ሌላው ላፕቶፕ ይዞ። ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ የሚፈቀድላቸው ሁለቱ ሻንጣዎቹ እርሱ አንድ ሸሚዝ ሳይከትባቸው ሞሉ። ልሸኘው በሄድኩ ዕለት ሳሎኑ ውስጥ ሚዛን ተቀምጦ እርሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ በሰፈር በሰፈር ይለያል፤ የመርካቶው ለብቻ፣ የሳሪሱ ለብቻ፣ የኮተቤው ለብቻ። አንዲት እናት በመጨረሻ ሰዓት የታሸገ ፖስታ ሰጠችው። ገልብጦ አየው፤ በላዩ ላይ የተጻፈው የስልክ ቁጥር ብቻ ነበር።

«ስትደርስ ደውልለት» አለችው፤ «ራሱ መጥቶ ይወስደዋል።»