ደህናውን ጨርቅ ቀዶ መጣፍ

አሜሪካኖች ደህና ጨርቅ ይገዛሉ። ያጥቡታል፣ በካውያ ይተኩሱታል፣ በማስመሪያ ይለኩታል። ከዚያ ብጥስጥሱን ያወጡታል። ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብለው፣ ቡናቸውን እየጠጡ፣ መልሰው ይሰፉታል። ስሙ ኩዊልት ነው። እኛ ቤት ድሪቶ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር የሚገፋው።

እኔም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ ይህንኑ በእጄ መስፋት እየተማርኩ ነው። ያውም በማሽን አይደለም፣ በመርፌ። ያውም ያርዱ ከ12 ዶላር በላይ በሆነ ጨርቅ። አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው። ሰው ቢያረፍድ፣ ቡና ቢደፋ ግድ የላቸውም። ሩብ ኢንች ሲነካባቸው ግን አይምሩም። ሁለቱ ቁራጮች ፊትና ፊት ይገጠማሉ፤ ከጠርዙ ሩብ ኢንች ገባ ተብሎ በእርሳስ ይሰመራል፤ መስመሩን ሳይለቁ እየነጠቁ መስፋት ነው። የክር ውፍረት ታህል ከሳቱ መጀመሪያ ላይ አይታወቅም። ዘጠኙን ቁራጭ ሦስት በሦስት ሲገጣጥሙት ነው ጉዱ የሚወጣው። ማዕዘኖቹ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ፊት ይዟዟራሉ። ያን ጊዜ መፍታት ነው። ከላይኛው ሌላ ደግሞ መሃሉ ስስ ጥጥ፣ ታችኛው ገበር አለ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ይሰፋሉ። እዚያ ገና አልደረስንም። መቼ እንደምንደርስም የሚጠይቅ የለም።

አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ የምትባል የጥቁር ገበሬዎች መንደር አለች። የዚያ ሴቶች ቁርጥራጭ ይሰፉ የነበረው በሳንቃው ስንጥቅ የሚገባው ብርድ አላስተኛ ብሏቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል እናት ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሱን ቆራርጣ ብርድ ልብስ ሰፋችው። በ2002 የመንደሯ ሴቶች ሥራ ሂውስተን፣ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ቴምብር ላይ ወጣ።

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ታዲያ የአያትሽን ለምን አቃጠልነው?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። አዲስ ፍራሽ የተገዛ ሰሞን ነበር፤ ቤተሰቡ በሙሉ ተስማምቶ ነው።

አንድ እሁድ ቡና የተጠሩ ሴቶች ሶፋው ላይ የቁርጥራጭ ቅርጫቴን አዩ። ምንም አላሉም። አበሻ ምንም ካላለ መፍራት ነው። በማግስቱ ከሥራ ተባርሬ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ባሌ ጥሎኝ ሄደ፤ እሱ እንኳ የሰማው ከጓደኞቹ ነው።

ከዚያ አንዷ እትዬ መጡ። ዚፕ ባለው ትልቅ ላስቲክ፣ አንበሳ የተሳለበት ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘዋል። ግንባሬን ሳሙኝና «አይዞሽ ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል» አሉኝ። ነገሩን ላስረዳ አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ላስቲኩን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«እግዜር ይስጥልን እትዬ፤ እራፊ ለብሳ ነው እኮ የምታድረው!»